ከግምቡ አጥር ውጭ ያለችው ጎንደር

ከወረታ ተነሥቶ በፎገራ ሜዳ በኩል ወደ ሰሜን የሚጓዝ መንገደኛ ይፋግን አልፎ አዲስ ዘመን ሲደርስ የጣራ ገዳምን ደን ያያል። በዙሪያው ያለው ተራራ ተራቁቶ ሳለ የገዳሙ ወይራ እስከ ዛሬ የቆመው ቤተ ክርስቲያን ስለ ጠበቀችው ነው። አንባቢ ይህን ወይራ ለጊዜው በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። መንገደኛው እንፍራዝ ሲቃረብ ደግሞ ከኮረብታ ላይ የጉዛራ ግምብ ይታየዋል፤ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ግምብ ተብሎ የሚታወቀው ነው። ከዚያ በማክሰኚትና በአዘዞ አድርጎ ጎንደር ሲገባ ከሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ግምቡ ወዴት ነው?» ይላል።

እኛ ዛሬ ልንተች የተነሣነው ይህን ጥያቄ ነው። ጥያቄው የመንገደኛው ብቻ አይደለም፤ ስለ ጎንደር የጻፉት ደራስያን፣ ለተማሪ የሚያስተምሩት መምህራን፣ ጥገናውን የሚያዙት መሥሪያ ቤቶች ጭምር የሚጠይቁት እርሱኑ ነው። የቤተ መንግሥቱን ግቢ የሚከበው ግንብ 900 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ በሮቹም 12 ናቸው። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በሰላም ጊዜ በከተማዋ 10,000 ያህል ቤተ ሰብ እንደሚኖር፣ ቤቶቹም አብዛኞቹ የጭቃ፣ ክዳናቸውም እንደ ሹል ቆብ ያለ ሣር መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ የከተማው ሕዝብ የኖረው ከ900 ሜትሩ ግንብ ውጭ ነው። ብሩስ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሹመትና ሽረት፣ ተንኮልና ጦርነት ገጽ በገጽ ላይ ሲጨምር ለእነዚያ ቤቶች ያወጣው ቀለም ጥቂት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጸሐፊዎችም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። የራሳችንም ሰዎች ቢሆኑ ግምቡን ፖርቱጋሎች ሠሩት ወይስ ኢትዮጵያውያን እያሉ ሲከራከሩ ብዙ ዘመን አሳልፈዋል። ክርክሩ ካለቀ ሰነባብቷል፤ ዐፄ ፋሲል የኢየሱሳውያንን ማኅበር ከአገር ያስወጡት ከተማይቱ በ1628 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት ነውና። የኖራ አሠራር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከውጭ ሰዎች መማሩ አይካድም፤ ይህን ማመን ግን የጎንደርን ክብር አይቀንስም።

ከግምቡ አጥር ውጭ ያለውን ለመረዳት ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን መመርመር ይገባል። «ከተማ» የሚለው ቃል ዛሬ መንገድና መብራት፣ ሱቅና ፎቅ ያለበትን ስፍራ ያመለክታል። በነገሥታቱ ዜና መዋዕል ግን ከተማ ማለት ንጉሡ ድንኳኑን ተክሎ የሰፈረበት ቦታ ነው፤ ከተመ ማለትም ሰፈረ ማለት ነው። «ሰፈር» የሚለውም ቃል ከዚሁ የጦር ሰፈር የወጣ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ቦታውን ያውቅ ነበር፤ ፊት የሚሰፍረው ከፊት፣ ቀኙ በቀኝ፣ ግራው በግራ፣ ደጀኑ ከኋላ ይሰፍራል። ጳጳሱም፣ እጨጌውም፣ የንጉሡ ታቦትም የታወቀ ቦታ ነበራቸው። ንጉሡ ወደ ሌላ አገር ቢዘምቱ፣ ሜዳው ቢለወጥ፣ ያ ሥርዓት አይለወጥም ነበር።

ጎንደር ይህ ሥርዓት በድንጋይ የረጋባት ከተማ ናት። ማስረጃውን ፍለጋ መሬት መቈፈር አያሻም፤ የአድባራቷን ስም መጥራት ይበቃል። ፊት ሚካኤል፣ ፊት አቦ፣ አደባባይ ኢየሱስ፣ ግምጃ ቤት ማርያም፣ እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ አቡን ቤት ገብርኤል፣ እጨጌ ቤት ተክለ ሃይማኖት። ፊት፣ አደባባይ፣ ግምጃ ቤት፣ እልፍኝ፤ እነዚህ የድንኳን ከተማ ክፍሎች ስሞች ናቸው። ድንኳኑ ተነቅሎ ግምብ ሲተካ ስሞቹ በታቦታቱ ላይ ቀሩ። ስለ ጎንደር አርባ አራቱ ታቦት በኩራት የሚናገር ሁሉ እነዚህ ስሞች አንድ ላይ ሲነበቡ የከተማይቱን ፕላን እንደሚነግሩት ቢያስተውል መልካም ነበር። የሰፈሮቹም ስም እንዲሁ ነው። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት ሲባል «ቤት» የተባለው አንድ ሕንፃ አይደለም፤ የአንድ ባለ ሥልጣን ግዛትና ዳኝነት የሚደርስበት ምድር ነው። ሰው «እጨጌ ቤት ነኝ» ሲል የሚናገረው አድራሻውን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚዳኘውም ጭምር ነበር።

ከእነዚህ ሁሉ እጨጌ ቤትን ለብቻው ልናየው ይገባል። እጨጌው የደብረ ሊባኖስ ገዳም አለቃ ነው፤ ጳጳሱ ከግብፅ የሚመጣ እንግዳ ሆኖ ሳለ የአገሩን መነኮሳት የሚመራው እርሱ ነበር። በዚህም ማዕረጉ ሰፈሩ የመማጠኛ ስፍራ ሆነ። ባለ ዕዳ ቢሆን፣ ከንጉሥ የተጣላ መኰንን ቢሆን፣ እጨጌ ቤት ከገባ በኋላ የንጉሥ ወታደር ተከትሎ አይዘውም ነበር። ይህ ሕግ ለአሠራሩም ምክንያት ሆኗል ብለን እናምናለን። መሸሸጊያ የሆነ ሰፈር ሰው ብቻ ሳይሆን ንብረትም ይሸሸግበታል፤ ንብረት የሚሸሸግበት ቤት ደግሞ በእንጨትና በጭቃ ብቻ አይሠራም፤ የድንጋይ ግድግዳና ጠንካራ በር ይፈልጋል። ስለዚህ የእጨጌ ቤትን የድንጋይ ቤቶችና ጠባብ መተላለፊያዎች የሚያይ ሰው፣ ሕግ ድንጋይ ሆኖ እንዴት እንደሚቆም ማየቱ ነው። ግምቡን የሠራው የንጉሥ ሀብት ነው፤ እጨጌ ቤትን የሠራው ግን ንጉሥም ቢሆን የማይገባበት ስፍራ አለ የሚል ስምምነት ነበር። የትኛው ይበልጥ ሊያስደንቀን ይገባል?

ሕግ መጠጊያ እንደ ሰጠ ሁሉ ከልክሎም ነበር፤ ይህንንም ሳንሸሽግ መጻፍ አለብን። ጻድቁ ዮሐንስ የተባሉት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በነገሡ ጊዜ፣ በ1660ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በጎንደር ጉባኤ ተደርጎ ፍራንኮች የተባሉት የፖርቱጋል ዘሮች ሃይማኖታቸውን ካልለወጡ ከአገር እንዲወጡ፣ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ታወጀ። በቀሃ ወንዝ አካባቢ በታችኛው የከተማው ክፍል የሚገኘው፣ ቀድሞ እስላም ቤት ይባል የነበረውና ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር የረጋው በዚህ ሕግ ነው። ርስት የተከለከለ ሰው ሲራራ ነጋዴና ሸማኔ ከመሆን በቀር ምን ምርጫ ነበረው? የአዲስ ዓለም ሰው በአንድ ወገን ወደ ምጽዋ፣ በሌላው ወገን ወደ መተማና ወደ ሱዳን፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በይፋግና በቆራጣ አድርጎ ወደ ጎጃም የባሶ ገበያ ይወርድ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ወርቅና ቡና በዚህ መንገድ ያልፋል፤ ባሪያም ያልፍበት ነበር፤ የከተማይቱን ሀብት ስናወድስ ይህን መርሳት ተገቢ አይደለም። ዛሬ መኪና በሰዓት የሚጨርሰውን የይፋግን ጎዳና የረገጡት የእነዚያ ነጋዴዎች አጋሰሶች ናቸው። የጎንደርን ቤተ መንግሥት ያለበሰው ሐርና ምንጣፍ በማን ትከሻ እንደ ገባ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከግምቡ ውስጥ ሳይሆን ከአዲስ ዓለም ነው። ግንበኞቹና ቀጥቃጮቹ፣ አናጢዎቹም ብዙዎቹ ቤተ እስራኤሎች ነበሩ። ግምቡን የሠራው እጅ በግምቡ አጠገብ እንዲያድር አልተፈቀደለትም።

አሁን ወደ ቤቶቹ እንግባ። የጎንደር ቤት በሁለት ዓይነት ይከፈላል፤ ክብ ቤትና ሰቀላ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን የሚያያይዘው ግን የነገሥታቱ ግምብ እንደ ተሠራበት ኖራ ሳይሆን ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ የቦካ ጭቃ ነው። የጭቃው ድካም በድንጋዩ ውፍረት ይካሳል፤ ከውፍረቱም የተነሣ በግድግዳው ሆድ ውስጥ የዕቃ ማኖሪያ ጎድጓዳ ስፍራ ለማውጣት ተችሏል። ባለ ሀብት የሆነ ሰው ደርብ ይጨምርበታል። የደርቡን ወለል የሚሸከመው ወራጅ ወይራ ወይም ጽድ ነው፤ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ይመረጣልና። በወራጁ ላይ ርብራብ ተደርድሮ ጭቃ ይመረግበታል። ምድር ቤቱ ለከብትና ለዕቃ፣ ደርቡ ለሰው ይሆናል። የደርቡ መስኮት ትንሽ ናት፤ ብርሃን ከማስገባት ይልቅ ብርድን ማስቀረት ዋና ጉዳይዋ ነው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ትልቁ ጥበብ ያለው በክዳኑ ላይ ነው። ጭቃ የውሃ ጠላት አለበት፤ የጎንደርም ክረምት ብርቱ ነው። ስለዚህ የሣሩ ክዳን ከግድግዳው አልፎ ሰፊ ጥላ እንዲጥል፣ ጠፈጠፉ ከመሠረቱ ርቆ እንዲወድቅ ይደረጋል። ክዳኑ እስካለ ድረስ የጭቃው ግድግዳ መቶ ዓመት ይቆማል፤ ክዳኑ ከተቀደደ በጥቂት ክረምት ይፈርሳል። በልባችሁ ያዙልን ያልነው የጣራ ገዳም ወይራ ለዚህ ነው። ቤቶቹ የቆሙበት እንጨት ዛሬ በደጋው ላይ በብዛት የሚገኘው በገዳማትና በአድባራት ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። የተሰበረ ወራጅ በባሕር ዛፍ ይተካል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ይጣመማል፤ ምስጥም አይፈራውም። ስለ ቅርስ ጥገና የሚመካከሩ ሰዎች ስለ ደን ጭምር መመካከር እንዳለባቸው ያልተናገረ የጥገና ሊቅ ካለ ሥራውን ጨርሶ አላሰበም።

ከተማይቱ ሁለት ጊዜ ብርቱ እሳት አይታለች። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በዘበዟት፣ አቃጠሏትም፤ በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች መጥተው አብያተ ክርስቲያናቱን አነደዱ። የሣር ክዳን ከእሳት አይተርፍም። የቀረው ግድግዳው ነው፤ ሕዝቡም ተመልሶ በዚያው ድንጋይ ላይ ክዳን አበጀ። በዚህ ምክንያት አንድ የእጨጌ ቤት ግድግዳ ዘመኑ ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ አንድ ቍጥር መመለስ ስሕተት ነው፤ መሠረቱ የአንድ ዘመን፣ ደርቡ የሌላ ዘመን፣ ቆርቆሮው የትናንት ሊሆን ይችላልና።

ኢጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ሲገቡ ለጎንደር አዲስ ፕላን አወጡላት። ነዳፊው ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ የፍሎረንስ ሰው ነው፤ ኋላም በአልባንያ ዋና ከተማ በቲራና ሠርቷል። ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያን ዘመን አሠራር ያሳያሉ፤ ክብ ማዕዘናቸውና ንጹሕ መስመራቸው ዐይን ይማርካል፤ ይህን መካድ አይገባም። ፕላኑ ግን ነጩንና ጥቁሩን በየሰፈሩ ለይቶ ያሰፈረ ፕላን ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ከዐፄ ዮሐንስ ሕግ ጋር አመሳስሎ «ጎንደር ድሮም የተከፋፈለች ናት» ሲል ሰምተናል። ንጽጽሩ ከግማሽ በላይ አያስኬድም። የቀድሞው ሕግ በሃይማኖት ለየ፤ የተለየው ሕዝብም በሰፈሩ አለቃውን፣ መስጊዱንና ገበያውን ይዞ ለራሱ እየሠራ ኖረ። የኋለኛው በቆዳ ቀለም ለየ፤ ለአገሩ ሰው የተተወለትም ስፍራ ፕላን ነዳፊው በወረቀት ላይ የወሰነለት እንጂ እርሱ የመሠረተው አልነበረም። ሁለቱም በደል አለባቸው፤ አንደኛው ግን ከተማ ሲሠራ ሁለተኛው ከተማውን ለባለቤቶቹ እንግዳ አደረገው። ወራሪው በኅዳር 1934 ዓ.ም. በዚያው በጎንደር እጁን ሰጠ፤ የምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱም የመጨረሻ ምሽግ በዚህ አበቃ።

ቤቶቹን ከእሳትና ከጦር ይልቅ የጎዳቸው ግን ጸጥ ብሎ የመጣ ነገር ነው። አንደኛው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነገር ስለሆነ ክብ ቤትን በእርሱ መክደን ብዙ መቁረጥና ብዙ ኪሳራ አለው፤ ስለዚህ ክቡ ቤት ሲፈርስ በቦታው አራት ማዕዘን ይተካል። የጎንደርን ሰፈር መልክ ከማንኛውም ፕላን ነዳፊ የበለጠ የለወጠ ይህ ቀጭን ብረት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም በነዋሪው መፍረድ አይቻልም፤ ሣር ውድ ሆኗል፤ ክዳን ዐዋቂም አልተተካም። ሁለተኛው በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች አዋጅ ነው። በአዋጅ ቍጥር 47 መሠረት ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነውን ቀበሌ እንዲያስተዳድር ተወሰነ። ለድኻው ተከራይ እፎይታ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ጥቂት ብር የሚከራይ ቤት ክዳኑን የሚያስጠግንበት ገቢ አላገኘም፤ ተከራዩ የእኔ አይደለም ይላል፤ ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል፤ ዝናቡ ግን ማንንም አይጠይቅም። ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው። ቅን ልብ ያለው ሰው የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ሲያይ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ሲሚንቶው ከላይ ያማረ ይመስላል፤ ግድግዳው የጠጣው እርጥበት ግን መውጫ አጥቶ ጭቃውን ከውስጥ ያቀልጠዋል። የጭቃ ቤት የሚታከመው በጭቃ ነው፤ ኖራም ቢሆን ይስማማዋል። ይህን የማያውቅ ጥገና ከመተው የከፋ ነው።

እንግዲህ ወደ ፍርዳችን እንመለስ። በ1972 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጎንደርን በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲያሰፍር የተጻፈው የነገሥታቱ ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቍስቋም፣ ጉዛራና ሌሎች የቤተ መንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ሥራዎች ናቸው። ሕዝብ የኖረበት አንድም ሰፈር በስሙ አልተጻፈም። በዚያ ዘመን የነበረው አስተሳሰብ ቅርስ ማለት ሐውልት ነው የሚል ስለነበረ በመዝጋቢዎቹ አንፈርድም። ከ26 ዓመት በኋላ ግን፣ በ1998 ዓ.ም.፣ የሐረር ጀጎል ሲመዘገብ የተመዘገበው ግንቡና በሮቹ ብቻ አይደሉም፤ መስጊዶቹ፣ ጠባብ መንገዶቹና የሐረሪዎች መኖሪያ ቤቶች ጭምር ናቸው። በዚያ ሴት ወይዘሮ ግድግዳዋን ያስጌጠችበት ስፌት ሳይቀር የከተማው ክብር ተብሎ ተቈጥሯል። ሐረር ያገኘችውን ዐይን ጎንደር የምታጣበት ምክንያት ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የግምቡ ውበት ራሱ ይመስለናል። ሐረር ከቤቶቿ በላይ ጎልቶ ዐይን የሚወስድ ቤተ መንግሥት ስለሌላት ተመልካቹ ወደ ቤቶቹ ለመግባት ተገደደ። በጎንደር ግን የፋሲል ግምብ ከሩቅ ይጠራል፤ የሔደውም ሁሉ እርሱን አይቶ ይመለሳል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በግምቡ ግቢ ታላቅ እድሳት ተካሒዷል፤ ለዚህ ሥራ የወጣውን ድካምና ገንዘብ እናመሰግናለን። ስለ ግምቡ አዲስ መልክ በየጋዜጣውና በየመድረኩ ብዙ ተብሏል፤ እኛ አንጨምርበትም። ቅሬታችን ሌላ ነው። ያን ያህል ክርክር ስለ አንድ ግድግዳ ቀለም ሲደረግ፣ ከግቢው በር ጥቂት ርምጃ ብቻ ርቆ ስለሚገኘው ስለ እጨጌ ቤት፣ ቍልቍል ወርዶ ስለሚገኘው ስለ አዲስ ዓለም የተናገረ ሰው እጅግ ጥቂት ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን የነገሥታት ብቻ ነው አላለም። አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማት ጎንደርም ደርሷል፤ መንገድ ይሰፋል፤ ድንበር ይለካል። መንገድ መስፋቱን የሚጠላ የለም። መለኪያው ከመዘርጋቱ በፊት ግን በእነዚህ ሰፈሮች ያሉት የድንጋይ ቤቶች ተቈጥረው፣ እያንዳንዳቸው ፕላናቸው ተነሥቶ፣ የግድግዳቸው ውፍረትና የወራጃቸው እንጨት ተጽፎ ሊቀመጥ ይገባል። ይህ ብዙ ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የሕንፃ ትምህርት ተማሪም በአገሩ ሞልቷል። ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ የልክ ገመድ፣ አንድ ክረምት ከመግባቱ በፊት ያለ ጊዜ ለአንድ መንደር ይበቃል።

ከተማሪዎቹ ጋር ሊሔድ የሚገባው ሰው ግን ሌላ ነው። በየሰፈሩ የቤቱን ታሪክ የሚያውቁ አረጋውያን አሉ፤ ይህ ግድግዳ መቼ እንደ ተሰነጠቀ፣ ያ ደርብ ለማን እንደ ተሠራ፣ የትኛው በር የነጋዴ፣ የትኛው የደብተራ እንደ ነበረ ይናገራሉ። የባእታ የአቋቋም ተማሪዎች ያደሩባቸው ጎጆዎች እንኳ የት የት እንደ ነበሩ በጣታቸው ያሳያሉ። ድንጋዩን ተማሪው ይለካል፤ የድንጋዩን ስም የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል።